ጠዋት ሚኒሞው ከፍ ሲል አውቶማቲክ መኪናን ማርሽ ማስገባት፦ ደረጃ በደረጃ

ከማንዋል ወደ አውቶማቲክ የተሸጋገረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ይጠይቀኛል። «ጠዋት ሳስነሳው ሞተሩ ይጮኻል፤ በዚያው ላይ ዲ (ወደፊት መሄጃውን) ሳስገባ መኪናው ወደፊት ይገፈትረኛል። ካምቢዮውን እየጎዳሁት ነው? ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በሙሉ ጽፌዋለሁ።

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው። አስነሱ፤ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ወደ 1,200 ዙር እስኪወርድ ጠብቁ፤ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ማርሽ አስገቡ፤ ማርሹ ሲይዝ እስኪሰማችሁ ቆዩ፤ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ነገር ከ1 ደቂቃ አይበልጥም። ግን ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ወይ 15 ደቂቃ ቆሞ ቤንዚን ያቃጥላል፣ ወይ ቁልፉን እንዳዞረ አር (የኋላ ማርሽ) አስገብቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀሪውንም አንብቡት።

የምጽፈው ኢንጀክሽን ስላላቸው የቤንዚን መኪኖች ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር እና የመሳሰሉት። ካምቢዮው ሲቪቲ (በማርሽ ጥርሶች ፈንታ በውስጡ ባለ ቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ቢሆንም ደረጃዎቹ ያው ናቸው። ኤሌክትሪክ መኪና ሚኒሞም የለው፣ ይህ ጉዳይ አይመለከተውም።

የሚያስፈልጋችሁ

- የዙር ቆጣሪ። ክሩስኮቱ ላይ ከሌለ (ብዙ ቪትዞች የላቸውም) ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ (የኦቢዲ ማንበቢያ) ይበቃል። እሱም ከሌለ ጆሯችሁ፤ ድምፁ ዝቅ ሲል በግልጽ ይለያል።
- ጎማ ስር የሚገባ ሁለት ድንጋይ ወይም የእንጨት ታኮ፣ ለምርመራው ክፍል።
- ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት፣ እና የእጅ ባትሪ።
- የመኪናውን የካምቢዮ ዘይት ዓይነት የሚናገር ነገር። ከጃፓን የመጣ መኪና መጽሐፉ በጃፓንኛ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የዘይቱ ዓይነት በመለኪያው ዘንግ ላይ ተቀርጿል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ

በተዘጋ ጋራዥ ወይም በምድር ቤት ማቆሚያ ውስጥ መኪና አስነስታችሁ አትጠብቁ። ሞተር በቀዝቃዛነቱ ነዳጅ አብዝቶ ስለሚያቃጥል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው ያኔ ይበዛል። ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይታወቀው ይገድላል። በሩን ክፈቱ፣ አስነሱ፣ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ነዳጅ ሳትነኩ ወደ ውጭ አውጡትና እዚያ ጠብቁ (ለዚህች አጭር መንገድ ሚኒሞው ከፍ ቢልም ግድ የለም)።

ሁለተኛው፦ ሚኒሞው ከፍ ባለበት ሰዓት መኪናው ከለመዳችሁት በላይ ይገፋል። ግቢ ውስጥ ልጅ ካለ፣ ወይም ከኋላ በር የሚከፍትላችሁ ሰው ካለ፣ ማርሽ ከማስገባታችሁ በፊት የት እንደቆመ በዓይናችሁ እዩት። በር ከፋቹ ከመኪናው መንገድ ወጥቶ በጎን ይቁም።

1. እግር ፍሬን ላይ፣ ማርሹ ፒ (ፓርኪንግ) ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ

ኤሲውን፣ የመስታወት ማሞቂያውንና መብራቱን አጥፉ። ኤሲ ሲበራ ኮምፒውተሩ ለኮምፕረሰሩ ብሎ ሚኒሞውን ይጨምራል፤ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት እንዲወርድ ነው። ባትሪውም ሙሉ ጉልበቱን ለሞተር ማስነሻው ይሰጣል።

2. ነዳጅ ሳትረግጡ አስነሱ

ቁልፉን መጀመሪያ ክሩስኮቱ እስኪበራ ብቻ አዙሩና ሁለት ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ የነዳጅ ፓምፑ መስመሩን ይሞላል። ከዚያ አስነሱ። በካርቡረተር ዘመን ነዳጅ መርገጥ ልማድ ነበር፤ ኢንጀክሽን ላይ ግን ስንት ነዳጅ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ የሞተሩን ሙቀት በሴንሰር ለክቶ። እናንተ ስትረግጡ ገና ዘይት ያልደረሳቸውን የሞተር ክፍሎች በከፍተኛ ዙር ታፋጫላችሁ፤ ሌላ የምታተርፉት የለም።

3. መርፌዋን እዩ

ቀዝቃዛ ሞተር በ1,200 እና በ1,800 መካከል ቢነሳ ጤነኛ ነው። ብልሽት መስሏችሁ አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ የሚያደርገው በሁለት ምክንያት ነው። ቤንዚን በቅዝቃዜ በደንብ ስለማይተን ሞተሩ እንዳይጠፋ ተጨማሪ አየርና ነዳጅ ይሰጠዋል። ሁለተኛው የጭሱ ነገር ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ አጣሪ (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገይና ዙሩን ከፍ አድርጎ ትኩስ ጭስ ወደዚያ ይልካል። ያ የምትሰሙት ሻከር ያለ ድምፅ ይኸው ነው።

የዘይት መብራቷ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፤ የቀረው ሁሉ ይቆይ።

4. ዙሩ እስኪወርድ ጠብቁ

አዲስ አበባ ላይ በተለመደ ጠዋት ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ይልቁንም ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ፣ ወደ 2 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። ሰዓት ከመቁጠር መርፌዋን መከተል ይሻላል፤ 1,200 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስትወርድ ዝግጁ ናችሁ። እስከዚያ ቀበቶ እሰሩ፣ ስፖኪዮ አስተካክሉ።

ለምን 1,200? በአውቶማቲክ መኪና ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በቶርክ ኮንቨርተር ነው። ሁለት የቤት ማራገቢያ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አንዱን ብታበሩ ነፋሱ ሌላውን እንደሚያዞረው፣ እዚህም በሞተሩ በኩል ያለው ክንፍ በዘይት አማካይነት በካምቢዮው በኩል ያለውን ያዞራል። ፒ ላይ ሳለን ሁለተኛው ክንፍ ጭነት ስለሌለበት ከሞተሩ ጋር ሊተካከል በተቃረበ ፍጥነት ይሽከረከራል። ዲ ወይም አር ስታስገቡ፣ ጎማዎቹ ስለቆሙ፣ ያ የሚሽከረከር ክንፍ ባንዴ መቆም አለበት። የሚያቆመው የካምቢዮው የውስጥ ፍሪሲዮን ነው። ያ «ዷ» የሚለው ስሜትም ከዚያ ይመጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የሚከተለውን ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ የሚያስተላልፈው ግፊት የሚያድገው በዙሩ ልክ አይደለም፤ በዙሩ ካሬ ነው። በ750 ዙር ያለውን ግፊት 1 ብንለው፣ በ1,500 ሁለት ሳይሆን 4 ይሆናል። በ1,200 ሁለት ተኩል ገደማ፣ በ1,000 ደግሞ ከሁለት በታች ነው። ከ1,500 ወደ 1,200 እስኪወርድ የምትጠብቋት ግማሽ ደቂቃ ያን ያህል ዋጋ ያላት ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለማውረድ ግን ሞተሩ እስኪሞቅ ብዙ ደቂቃ መቆም ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ አያዋጣም።

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚከተለኝ ጥያቄ ስለ ሰማያዊዋ መብራት ነው። በብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ የሙቀት መለኪያ መርፌ የለም፤ በምትኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሰማያዊ መብራት ትበራለች። እስክትጠፋ ቆማችሁ መጠበቅ አይጠበቅባችሁም። እሷ የምትነግራችሁ «ገና አልሞቅሁም፣ ቀስ ብለህ ንዳኝ» ነው፤ «ቁም» አትልም። ቆሞ በሚኒሞ የሚሞቅ ሞተር ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ ከነዳጁም ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ካምቢዮውና ጎማው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ደግሞ በደንብ የሚሞቁት መኪናው ሲሄድ ብቻ ነው።

5. ፍሬኑን እስከ ታች ረግጣችሁ ማርሽ አስገቡ

ፍሬኑ ከወትሮው ጠንከር ካለባችሁ አትገረሙ። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ትሮትሉ (የሞተሩ አየር መግቢያ ክዳን) ከፈት ስለሚል ስበቱ ይቀንሳል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩም ሳሳ ስለሚል ይህ ይበልጥ ይሰማል። አጥብቃችሁ ርገጡ እንጂ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ማርሹን በአንድ ለስላሳ እንቅስቃሴ ወደምትፈልጉት ውሰዱት። አሁን ቆዩ። ሁለት ምልክት ጠብቁ፤ ትንሽ መገፋት ይሰማችኋል፣ መርፌዋም መቶ ወይም ጥቂት መቶ ዙር ዝቅ ትላለች። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ይወፍራል፤ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለውን ክፍል ሞልቶ እስኪጨብጠው 1 ወይም 2 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል።

ከደረጃዎቹ ሁሉ በጣም የምለምናችሁ ይህችን ነው። ማርሹ ሳይይዝ ነዳጅ የሰጠ ሰው፣ ፍሪሲዮኑ ገና በግማሽ ጨብጦ ሳለ ሞተሩን ያስጮኻል፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ከፍ ባለ ሚኒሞ ማርሽ ማስገባት ካምቢዮ ከሚጎዳው በላይ የሚጎዳው ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን በጣም ቸኩላችሁ በ1,500 ብታስገቡት ካምቢዮው አይፈርስም። አዳዲሶቹ መኪኖች ማርሽ ሲገባ ራሳቸው ዙሩን ይቀንሳሉ። የሚጎዳው በየቀኑ ሲደጋገም ነው፤ የሞተር ሱፖርቱም (ሞተሩ የተቀመጠበት የጎማ መደገፊያ) ፍሪሲዮኑም ጥቂት በጥቂት ያልቃሉ። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥማችሁ ፍሬኑን አጥብቁ፣ ነዳጅ አትንኩ።

6. ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ

መኪናው ራሱ ይሄዳል፤ ነዳጅ አያስፈልገውም። በቀዝቃዛ ሞተር ፈጠን ብሎ ስለሚሄድ ከግቢ እስክትወጡ እግራችሁን ከፍሬኑ ላይ አታንሱ።

7. ከአር ወደ ዲ ስትቀይሩ ፍጹም ቁሙ

ወደ ኋላ እየተንከባለለ ዲ ማስገባት፣ የመኪናውን ሙሉ ክብደት በካምቢዮው ፍሪሲዮን እንደማቆም ነው። ለማቆም የተሠራው ፍሬን ነው። ቁሙ፣ ቀይሩ፣ እስኪይዝ ጠብቁ፣ ሂዱ።

8. የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች

ከ2,500 ዙር በታች፣ በለሆሳስ። «ጠዋት ማርሽ አይቀይርም፣ ይጮኻል» የሚሉኝም አሉ። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ ሞተሩ እስኪሞቅ የመጨረሻውን ማርሽ ይከለክላል፤ ሁለቱን ክንፎች አንድ ላይ የሚያስረውን የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያም አያስገባም። ሲሞቅ ራሱ ይስተካከላል። ቤታችሁ ዳገት ላይ ከሆነና እንደወጣችሁ ሽቅብ የምትሄዱ ከሆነ ግን ደረጃ 4 ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ማታ ሲቆም የሚጀምር «መምታት»

ብዙ ሰው ሚኒሞውን የሚከስሰው ያለጥፋቱ ነው። ሽሮ ሜዳን ወይም እንጦጦ ግርጌን በመሰለ ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ሰው፣ ጠዋት ከፒ ሲያወጣ «ጓ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ከሞተሩ ዙር ጋር አይገናኝም። ፒ ስታስገቡ ካምቢዮው ውስጥ አንዲት የብረት ጥርስ ገብታ ትቆልፈዋለች፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ በእሷ ላይ ተደግፎ ያድራል። ጠዋት በግድ ትነቀላለች።

መከላከያው ማታ ነው፦ ፍሬን ረግጣችሁ ቁሙ፤ ኤን (ኒውትራል) አስገቡ፤ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ሳቡ፤ የእግር ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ለቅቃችሁ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይቀመጥ፤ መልሳችሁ ፍሬን ረግጣችሁ ፒ አስገቡና አጥፉ። በነጋታው ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ይህ ነበር፤ ገንዘብ ሳታወጡ ተገላገላችሁ።

የተለመዱ ስህተቶች

- «እንዲሞቅ» ብሎ ፒ ላይ ነዳጅ መርገጥ። የከፋው ደግሞ ዙሩ ሳይወርድ ወዲያው ዲ ማስገባት ነው።
- ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን ክዳን) ማስወጣት። ሞተር እንዳይግል በሚል አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሚኒሞውን ከፍ እንዳደረገ፣ ነዳጅም እንዳበዛ ይቆያል። መኪናችሁ 10 ኪሎ ሜትር ነድታችሁም ሚኒሞው ካልወረደ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።
- ጠዋት ከፍ ስላለ ብቻ ሚኒሞውን በቡሎን ማስቀነስ። ሲሞቅ ከልክ በላይ ይወርድና የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ሞተሩ ይጠፋባችኋል።
- ያገኙትን የካምቢዮ ዘይት መጨመር። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራው የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ካምቢዮው ይበላሻል።

ሞተሩ ሞቆም ካልተስተካከለ

በሙቅ ሞተር ሚኒሞው ፒ ላይ ከ650 እስከ 800 ገደማ መሆን አለበት። ከ1,200 በላይ ከቀረ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፤ ቀላሉና ርካሹ ይቅደም። የእግር ምንጣፉ ነዳጅ መስጫውን ተጭኖት ይሆን? የራዲያተር ውሃው ጎድሎ ይሆን? (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ፤ ሙቅ ራዲያተር ሲከፈት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል።) ውሃ ሲጎድል የሙቀት ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና የተሳሳተ ነገር ይናገራል። ቀጥሎ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያሉት የጎማ ቱቦዎች፤ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ካለ አንዱ ተሰንጥቋል። ከዚያ የትሮትሉ ቆሻሻ፣ በመጨረሻም የሙቀት ሴንሰሩ ራሱ።

ሚኒሞው ትክክል ሆኖ ማርሽ ሲገባ አሁንም የሚመታ ከሆነ የሞተር ሱፖርቱን እዩ። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ድንጋዮቹን ከጎማ ፊትና ኋላ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ከዲ ወደ አር ይቀያይር፤ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከጎን ቆማችሁ ሞተሩን ተመልከቱ። ከመኪናው ፊት ፈጽሞ አትቁሙ። ጥቂት መነቃነቅ ያለ ነው፤ ሞተሩ ብድግ ብሎ ከወደቀ ሱፖርቱ አልቋል።

በሙቀትም ቢሆን ማርሹ እስኪይዝ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚወስድ ከሆነ የካምቢዮ ዘይቱን እዩ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚለካው ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ሁሉንም ቦታ ዳስሶ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። ብዙ የሆንዳ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሞተሩ እንደጠፋ ነው። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ ወይም ሮዝ ቢሆን ደህና ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው መኪኖች የሚለኩት ከስር በቡሎን ስለሆነ ለመካኒክ ተዉት።

ሚኒሶታ፣ ዴንቨር እና ሌላም በረዶ አገር ላላችሁ

ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን የካምቢዮው ዘይት በጣም ይወፍራል። ደረጃዎቹ አይቀየሩም፤ ደረጃ 4 ላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ስጡት፣ ደረጃ 5 ላይም ማርሹ እስኪይዝ በትዕግሥት ቆዩ። ሌሊቱን በኤሌክትሪክ የሚሰካ የሞተር ማሞቂያ ካላችሁ ሚኒሞው ቶሎ ይወርዳል፤ ካምቢዮውን ግን አያሞቅም፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ዙር አይታችሁ ወዲያው ነዳጅ አትስጡ። ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ያለን መኪና በሪሞት አታስነሱ፤ ጭሱ ወደ መኝታ ቤት ይገባል።

መካኒክ ጋ ስትሄዱ

ይህ ችግር የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ነው። ነድታችሁት ስትደርሱ ሞቋል፤ መካኒኩ ዲ ያስገባል፣ ምንም አይመታም፣ «ደህና ነው» ብሎ ይመልሳችኋል። ስለዚህ ጠዋት ስታስነሱት ክሩስኮቱን በስልክ ቅረጹ፤ መርፌዋ ከመነሻው ጀምሮ እስክትወርድ፣ ከዚያም ማርሽ ስታስገቡ። ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። ከቻላችሁ ደግሞ መኪናውን ማታ አስረክባችሁ እዚያው ይደር፤ ጠዋት የሚያስነሳው መካኒኩ ራሱ ይሁን፣ እሱ እስኪደርስም ማንም እንዳያስነሳው ንገሩ።